ቢች ላይ ብረት ፍለጋ ለሚጀምር፦ የትኛው ዲቴክተር ይሻላል?

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሐበሾች ሰመር ላይ ባህር ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ኦሽን ሲቲ ወይም ቨርጂኒያ ቢች ነው። ማለዳ ሰው ሳይሞላ ሄድፎን አድርጎ፣ ሜታል ዲቴክተሩን አሸዋው ላይ ቀስ ብሎ እያወዛወዘ የሚሄድ ሰው አይታጣም። ያንን አይቶ ስልኩን አውጥቶ ዋጋ የሚያጣራ ሰውም ብዙ ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። የ80 ዶላሩም፣ የ300ውም፣ የ1,500ውም ማስታወቂያ "ውኃ አያስገባም፣ ወርቅ ይለያል" ይላል።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። የሞዴል ስም የምጠራው ዓይነቱን በምሳሌ ለማሳየት ብቻ ነው። ዋጋዎቹ የአሜሪካ ገበያ ግምት ናቸው፤ ቅናሽ ሲኖር ይወርዳሉ።

መጀመሪያ፦ የትኛው አሸዋ ላይ ልትሄዱ ነው?

ቢች አንድ ቦታ ይመስላል። ለዲቴክተር ግን ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ሰው ፎጣ አንጥፎ የሚተኛበት ደረቅ አሸዋ ነው። ሁለተኛው ባህሩ ሲሸሽ የሚጋለጠው እርጥብ አሸዋ ነው። ሦስተኛው ውኃው ራሱ ነው፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ደረት ድረስ።

ልዩነቱን የሚያመጣው ጨው ነው። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ሳህን ኮይል ይባላል። ኮይሉ ወደ አሸዋው መግነጢሳዊ መስክ ይልካል። ከሥር ሳንቲም ወይም ቀለበት ካለ መስኩ እዚያ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጥራል፤ ማሽኑ ያንን ሰምቶ ይጮሃል። ችግሩ ጨዋማ ውኃም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ እርጥቡ አሸዋ ራሱ ለማሽኑ እንደ አንድ ሰፊና ደካማ ብረት ይታየዋል። ምንም በሌለበት ይጮሃል።

በዚህ ላይ ደግሞ የጨው ምልክትና የትንሽ ወርቅ ምልክት በጣም ይቀራረባሉ። ጩኸቱን ለማስቆም ሴንሲቲቪቲውን (የማሽኑን የመስሚያ ኃይል) ስትቀንሱ ቀጭኑን የወርቅ ቀለበት የመስማት አቅሙም አብሮ ይቀንሳል። ርካሽ ማሽን ደረቅ አሸዋ ላይ ጎበዝ ሆኖ እርጥቡ ላይ ሲደርስ የሚያሳብደው በዚህ ምክንያት ነው። አንዳንድ ቢች ላይ ደግሞ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ያለበት ጥቁር አሸዋ ይኖራል። እሱ ሲጨመርበት ሥራው ይከብዳል።

እንግዲህ ሳትሸፋፍኑ ለራሳችሁ መልሱ። ከልጆች ጋር ደረቁ ላይ መዝናናት ነው የምትፈልጉት? ወይስ ባህሩ ሲሸሽ እርጥቡን ማሰስ? ወይስ ውኃ ውስጥ መግባት? ከዚህ በታች ያለው ምርጫ ሁሉ በዚህ መልስ ላይ ይቆማል።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያው መለኪያ ጨውን መቋቋም ነው።

ሁለተኛው ውኃ አለማስገባት ነው፤ እዚህ ላይ ማስታወቂያ ብዙ ያታልላል። "ኮይሉ ውኃ አያስገባም" ማለት ሳህኑን ብቻ መንከር ይቻላል ማለት ነው። ስክሪኑና ባትሪው ያሉበት ሳጥን ውኃ ከነካው አለቀለት። ሞገድ ደግሞ አያስጠነቅቅም፤ ጉልበት ድረስ ቆማችሁ ደረት ድረስ ሊመጣ ይችላል። ሙሉ ማሽኑ የሚነከር ከሆነ "እስከ 3 ሜትር" ወይም "እስከ 5 ሜትር" ብሎ በግልጽ ይጻፋል። ቁጥር ካልተጻፈ እንደማይነከር ቁጠሩት።

ሦስተኛው ቆሻሻን መለየት ነው። ቢች ላይ ከሚወጣው አብዛኛው ቆርኪ፣ የቆርቆሮ ቢራ መክፈቻ (ጣሳው ላይ ያለው የሚሳበው ቀለበት) እና ፎይል ነው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ብረት እንደ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ ግን ዋስትና አይደለም። የወርቅ ቀለበት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በፎይልና በቢራ መክፈቻ መሃል፣ አምስት ሳንቲሟ ኒኬል አካባቢ ነው። መክፈቻውን ላለመቆፈር ማሽኑ ለዚያ ቁጥር እንዳይጮህ ካደረጋችሁት ወርቁንም አብራችሁ አጠፋችሁት። "ወርቅ ብቻ ይለያል" የሚል ማሽን ካያችሁ ማስታወቂያው ውሸት ነው።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በእኛ ሰው ዘንድ የተለመደው ቀጭን የአንገት ሐብል ለማንኛውም ዲቴክተር ከባድ ነው። ማሽኑ ሐብሉን በሙሉ አያየውም፤ የሚያየው እያንዳንዷን ትንሽ ቀለበት ለየብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መቆለፊያውን ወይም መስቀሉን ነው። የጠፋ ሐብል ልፈልግ ብሎ ማሽን የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

አራተኛው ክብደት ነው። ክንድ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሒሳቡን ይጠይቃል። ከአንድ ኪሎ ተኩል የሚበልጥ ማሽን ለጀማሪ አልመክርም። ትልቅ ኮይል ጥልቀት ይጨምራል፤ ውኃ ውስጥ ግን ለመጎተት ይከብዳል።

አንደኛ ምርጫ፦ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ኮይሉ ብቻ የሚነከር (ከ200 እስከ 300 ዶላር)

ለምሳሌ ጋሬት ኤሲኢ 300 የዚህ ዓይነት ነው። ፍሪኩዌንሲ ማለት ኮይሉ የሚልከው መስክ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚቀያየር ነው፤ ይህኛው በ8 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 8,000 ጊዜ ይሠራል። ቀላል ነው፣ አዝራሩ ትንሽ ነው፣ ልጅም ይለምደዋል። ደረቅ አሸዋ ላይ ሳንቲም ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ድረስ ያገኛል፤ ፎጣ የሚነጠፍበት ቦታ የሚወድቀው ነገር ደግሞ አብዛኛው ከዚያ በላይ አይቀበርም። መናፈሻና ግቢ ውስጥም ያገለግላል። እርጥብ አሸዋ ላይ ግን አትጠብቁበት።

ሁለተኛ ምርጫ፦ ባለ አንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ሙሉ በሙሉ የሚነከር (ከ300 እስከ 500 ዶላር)

ኖክታ ሲምፕሌክስ ኡልትራ ምሳሌ ነው፤ በ15 ኪሎኸርዝ ይሠራል፣ እስከ 5 ሜትር ይነከራል። ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ውኃ አያስገባም ማለት ጨው ይችላል ማለት አይደለም። ሐይቅና ወንዝ ውስጥ እሰየው ነው፤ ጨው የለም። ውቅያኖስ ላይ ግን "ቢች" የሚለውን ፕሮግራም ስትከፍቱ ጩኸቱ የሚበርደው በዋናነት ኃይሉን አሳንሶ ነው። ይሠራል፤ ጥልቀትና ትንንሽ ወርቅ ግን ያስከፍላችኋል። ሐይቅ የምትወዱ ከሆነ ግዙት። ዓላማችሁ ውቅያኖስ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ለሚቀጥለው ምርጫ አውሉት።

ሦስተኛ ምርጫ፦ ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ

ለባህር የሚያስፈልገው ቴክኖሎጂ ይህ ነው። ማሽኑ ዝቅተኛና ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን በአንድ ጊዜ ይልካል። ጨው ለእያንዳንዱ የሚሰጠው መልስ ይለያያል፤ ማሽኑ መልሶቹን አነጻጽሮ የጨውን ድርሻ ይቀንሳል። ስለዚህ ኃይሉን ሳትቀንሱ እርጥብ አሸዋ ላይ በጸጥታ ትሄዳላችሁ። ልዩነቱን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ከደረቁ ወደ እርጥቡ ሁለት እርምጃ ስትራመዱ ጆሯችሁ ይነግራችኋል።

ቃላቱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይኑር። አንዳንድ ማሽን "5፣ 10፣ 15 ኪሎኸርዝ" ብሎ ሦስት ፍሪኩዌንሲ ይዘረዝራል፤ የሚያስመርጣችሁ ግን አንዱን ብቻ ነው። ይህ ከአንደኛውና ከሁለተኛው ምርጫ ጋር ይመደባል። ሻጩን "ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይልካል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ግልጽ "አዎ" ካልሆነ እለፉት።

በዚህ ክፍል ውስጥ ዋጋው ሰፊ ነው። ሚኒላብ ቫንኲሽ የሚባለው ተከታታይ በ2019 ሲወጣ ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲን ወደ ርካሹ ገበያ አወረደው። ከ250 እስከ 450 ዶላር ባለው ዋጋ እርጥብ አሸዋ ላይ በደንብ ይሠራል። ያኔ የወጡት ሞዴሎች የሚነከረው ኮይላቸው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ላይ ቁሙ። ከዚያ ከፍ ሲል ኖክታ ሌጀንድ፣ ሚኒላብ ኢኩዊኖክስ 700 እና 900፣ እንዲሁም ኤክስፒ ዴውስ 2 አሉ። እነዚህ ሙሉ በሙሉ ይነከራሉ፤ ዴውስ 2 እስከ 20 ሜትር ይወርዳል። ዋጋቸው ከ500 ተነስቶ እስከ 1,500 ዶላር ይደርሳል።

በ600ውና በ1,500ው መካከል ለጀማሪ ትልቅ ልዩነት አለ ወይ? በእኔ እምነት የለም። በመጀመሪያው ዓመት ውጤቱን የሚወስነው ጆሮና ትዕግሥት ነው። የውዱ ማሽን ተጨማሪ ማስተካከያዎች ድምፁን ላልለመደ ሰው ራስ ምታት ይሆናሉ።

አራተኛ ምርጫ፦ ፐልስ (ከ700 ዶላር ገደማ ጀምሮ)

ፐልስ የሚባለው ዓይነት ያለማቋረጥ ከመላክ ይልቅ አጭር ኃይለኛ ምት ይልካል፤ ከዚያ ዝም ብሎ የሚመለሰውን ያዳምጣል። የጨው ምልክት ቶሎ ስለሚጠፋ አያስቸግረውም። ጥቁር አሸዋም አይበግረውም። ጥልቀቱም ጥሩ ነው። ጋሬት ሲ ሀንተር ማርክ 2 ለምሳሌ ለጠላቂዎች ተብሎ የተሠራ ነው፤ 60 ሜትር ገደማ ጥልቀት ይችላል።

ክፍያው ምንድን ነው? ቆሻሻ መለየት አይችልም ማለት ይቻላል። ምስማር፣ የፀጉር ማስያዣ ሽቦ፣ የዝገት ቁራጭ፣ ሁሉም ድምፅ ነው፤ ሁሉንም መቆፈር ግድ ነው። ውኃ ውስጥ ደረት ድረስ ቆሞ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ቆፍሮ የፀጉር ሽቦ ማውጣት ጀማሪን ቶሎ ያሰለቻል። ልምድ ያለው ሰው ሌላው ያልደረሰበትን ወርቅ የሚያወጣው በዚህ ነው። የመጀመሪያ ማሽን ግን አታድርጉት።

ጨርሶ የማይገዙ

ከ100 ዶላር በታች ያለው አብዛኛው መጫወቻ ነው። ለስድስት ዓመት ልጅ ስጦታ ከሆነ ይሁን።

አንቴና ያለው፣ "ወርቅን ከመቶ ሜትር ይጠቁማል" የሚባለው መሣሪያ ግን ንጹሕ ማጭበርበሪያ ነው። በአማርኛ የፌስቡክና የቴሌግራም ማስታወቂያዎችም ሲዘዋወር አያለሁ፤ ልቤን የሚያደማው የሚገዛው ሰው ብዙ ጊዜ ተበድሮ መግዛቱ ነው። በፊዚክስ ሕግ አንድ ቀለበት ከዚያ ርቀት ሊሰማ አይችልም። የዚህ ዓይነቱ ንግድ የት እንደሚደርስ ማየት የሚፈልግ ኤዲኢ 651 የተባለውን ያስታውስ። የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ ይሸጥ ከነበረ ባዶ መሣሪያ የመጣ ነው፤ ቦምብ ያገኛል ተብሎ ለኢራቅ መንግሥት ተሸጠ። ሻጩን እንግሊዝ ውስጥ ፍርድ ቤት በ2013 በ10 ዓመት እስራት ቀጥቶታል።

በአጭሩ ሲታይ

| ዓይነት | ግምታዊ ዋጋ (ዶላር) | ደረቅ አሸዋ | እርጥብ ጨዋማ አሸዋ | ባህር ውስጥ | ቆሻሻ መለየት |
|---|---|---|---|---|---|
| ባለ አንድ፣ ኮይሉ ብቻ የሚነከር | 200–300 | ጥሩ | ደካማ | አይሆንም | ይለያል |
| ባለ አንድ፣ ሙሉ የሚነከር | 300–500 | ጥሩ | መካከለኛ፣ ኃይሉ ተቀንሶ | ይነከራል፣ ጨው ያስቸግረዋል | ይለያል |
| ባለ ብዙ፣ ኮይሉ ብቻ የሚነከር | 250–450 | ጥሩ | ጥሩ | ቁርጭምጭሚት ድረስ | ይለያል |
| ባለ ብዙ፣ ሙሉ የሚነከር | 500–1,500 | ጥሩ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | ይለያል |
| ፐልስ | 700 እና በላይ | ጥልቅ፣ ግን አድካሚ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | አይለይም |

ለማን የቱ?

ጠቅላላ በጀታችሁ 300 ዶላር ከሆነ፣ ከልጆችም ጋር ደረቁ ላይ ከሆነ፣ አንደኛው ምርጫ ይበቃል። ትንሽ ጨምራችሁ ርካሹን ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ካገኛችሁ ግን እሱን ውሰዱ። ነገ እርጥቡ ላይ መሄድ መፈለጋችሁ አይቀርም።

ከ600 እስከ 900 ዶላር ያለው ሰው ሙሉ በሙሉ የሚነከር ባለ ብዙ ፍሪኩዌንሲ ይግዛ። በየሳምንቱ ባህር ለሚሄድ ጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ገንዘብ ለወንፊት አካፋና ለነዳጅ አስቀምጡት።

ባህር በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ፣ ሌላውን ጊዜ ሐይቅና መናፈሻ የሚያዘወትር ሰው ሁለተኛውን ቢገዛ አይቆጭም።

ከማሽኑ ሌላ

ወንፊት አካፋ የግድ ነው። አሸዋውን አንስታችሁ ታራግፋላችሁ፤ አሸዋው በቀዳዳው ይወርዳል፣ ሳንቲሙ ይቀራል። ለደረቅ አሸዋ የፕላስቲኩ በ20 ዶላር አካባቢ ይገኛል። እርጥብ አሸዋ ላይ ፕላስቲክ ይሰበራል፤ የብረቱን ያዙ። ውኃ ውስጥ ለሚገባ ረጅም እጀታ ያለው፣ የማይዝግ ብረት አካፋ ያስፈልጋል። ከ80 እስከ 200 ዶላር ይሄዳል። ውድ ይመስላል። ያለ እሱ ግን ሞገድ ውስጥ አንዲት ሳንቲም ማውጣት አትችሉም።

ሄድፎንም ያስፈልጋል፤ የሞገዱ ድምፅ ደካማውን ምልክት ይውጠዋል። ውኃ ውስጥ ኮይሉን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላታችሁንም የምትነክሩ ከሆነ ብሉቱዝ አይሠራም፤ ባለ ሽቦ የውኃ ሄድፎን ግዙ። በእጅ የሚያዘው ትንሽ ጠቋሚ ለሣር ሜዳ ጥሩ ነው። ቢች ላይ ወንፊቱ ሥራውን ስለሚሠራ ይቆይ።

ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ማሽኑን በቧንቧ ውኃ እጠቡ። ጨው መገጣጠሚያዎቹን ይበላል።

ፈቃድና ሕግ

ይህን ክፍል አትዝለሉ። ኦሽን ሲቲ ቢች ላይ በዲቴክተር የሚሄዱ ሰዎችን ታያላችሁ። በ1933ቱ አውሎ ነፋስ የተከፈተውን የውኃ በር ተሻግራችሁ አሳቲግ ደሴት ብሔራዊ ዳርቻ ከገባችሁ ግን ነገሩ ይለወጣል። በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ባለ መሬት ዲቴክተር መጠቀም ብቻ ሳይሆን ለአገልግሎት ዝግጁ አድርጎ መያዝም የፌዴራል ደንብ ይከለክላል። የስቴት ፓርኮች ደንብ ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ደውላችሁ ጠይቁ። ሣር የበቀለበት የአሸዋ ጉብታ ላይ በፍጹም አትቆፍሩ፤ ከተማዋን ከማዕበል የሚጠብቃት እሱ ነው።

እስራኤል ያላችሁ ወገኖች፣ አሽዶድም ሆነ ነታንያ፣ የበለጠ ተጠንቀቁ። በ1978 የወጣው የቅርሳ ቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግን ይከለክላል፤ በሜታል ዲቴክተር መፈለግም በስም ተጠቅሷል። ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራ ነገር በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም በ15 ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለበት። እዚያ መጀመሪያ የቅርስ ባለሥልጣኑን ጠይቁ፣ ማሽን ከዚያ በኋላ። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ በ1996ቱ ሕግ ውድ ቅርስ ያገኘ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ያስታውቃል።

ማሽኑን አገር ቤት ልውሰደው ለሚልም፦ በኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ መፈለግ ፈቃድ ይጠይቃል። ለባህር የተሠራ ማሽን ለወርቅ ማዕድን ፍለጋም አይመችም።

ስም ወይም ቀን የተቀረጸበት ቀለበት ካገኛችሁ ባለቤቱ እየፈለገው ነው። ለከተማው ፖሊስ የጠፉ ዕቃዎች ክፍል አስመዝግቡ።

ከገዛችሁ በኋላ፣ መመለሻው ቀን ሳያልፍ

አብዛኛው ሻጭ የመመለሻ ጊዜ ይሰጣል። ማሽኑን በዚያ ጊዜ ውስጥ ባህር ወስዳችሁ ፈትኑት። ኒኬል፣ ኳርተር፣ የቢራ መክፈቻ፣ ቆርኪና ፎይል ያዙ። አንድ ቀለበት በረጅም ደማቅ ክር አስሩ፤ ክሩ ከአሸዋው በላይ ይቅር። ሁሉንም አሥር አሥር ሴንቲ ሜትር ቀብራችሁ በላያቸው እለፉ። ድምፁን በደረቁ ላይ ስሙ። ከዚያ ባህሩ ሲሸሽ እርጥቡ ላይ ያንኑ ድገሙ።

ሰዓቱን ከባህር መሸሻ ሠንጠረዥ ተመልከቱ። አትላንቲክ ዳርቻ ላይ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ገደማ ይሸሻል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትሆን ርቆ ይሄዳል። ማሽኑ እርጥቡ ላይ የቀለበቱን ድምፅ ከጨው ጩኸት ለይቶ ካላሰማችሁ፣ ሴንሲቲቪቲውን ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ አንዴ ሞክሩ። አሁንም ካልሆነ ደረሰኙን ይዛችሁ መልሱት። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነም ሻጩ ውኃ ዳር እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት፤ የባትሪውን በርና የገመዱን ሥር ለዝገት ፈትሹ፣ የመለያ ቁጥሩን ለፋብሪካው ደውላችሁ አጣሩ።